ሒሳብ

ቅዳሜ ነው፣ ጠዋት፤ ቪያና ዝናብ ላይ፤
ዳቦዬን ነክሼ፣ ሰዓቴንም ሳላይ
ስልኩ ጮኸ። ግራሲዬቴ ናቸው፤
ድምፃቸው ይሰበራል፣ ግማሹን ሳቅ ይዟቸው፦
«በልሚሮ፣ ቶሎ ድረስ! ሰውዬው ጣቱን ግድግዳ ውስጥ ከቶ
ቆሟል እንደ ሐውልት፣ ፒጃማው ውሃ ጠጥቶ።»

መምህር አዴሪቶን የማያውቅ የለም፤
ሒሳብ ያላስለቀሱት ልጅ ከወንዙ ወዲህ አይገኝም።
እኔንም ፈትነው በቀይ ጽፈውልኛል፤
አራት ከሃያ። እስከ ዛሬ ይታየኛል።
ከሥሩም፦ «ይህ ልጅ አንድ ቀጥ ያለ መስመር
አያሰምርም፣ ቢገለበጥ ሰማይና ምድር።»

ጡረታ ወጡና ጠመኔ ቢያስቀምጡ
መሰርሰሪያ ገዝተው ወደ ቤት መጡ።
በሩን ጠበበ ብለው ከሥር ሲልጉት፣ ሲልጉት ሰነበቱ፤
አሁን የጎረቤት ድመት ጅራቷን ሰቅላ ትገባለች በክፍተቱ።
የመታጠቢያውን አምፖል ከደጁ ደወል አዛምደው፣
እንግዳ በደወለ ቁጥር ጨለማ ይወርድበታል ገላውን የሚታጠበው።
የጓዳውን መስኮት ሲቀቡት ቸኩለው
ከነማጠፊያው ቀቡት፤ ሰፈር ቢሰበሰብ አይከፍተው።
ገጣሚ አይደሉም፤ ቤት ሲመቱ ግን ይውላሉ፣
በመዶሻ። ምን ዋጋ አለው፣ የመቱት አንዱም
ግጥም አይልም።

ደረስኩ፤ ወጥ ቤቱን ሐይቅ ሆኖ አገኘሁት፤
የእንጨት ማንኪያ እየቀዘፈች ወጣች፣ ጫማዬ ላይ ቆመች፣ አነሣኋት።
መምህሩ በርጩማ ላይ ወጥተው፣ ግንባራቸውን ለግድግዳ ሰጥተው፣
አንዱ ነጠላ ጫማ እግራቸው ላይ፣ ሌላው ከምድጃው ሥር ሸሽቶ፣
አውራ ጣታቸው ቀዳዳው ውስጥ።
ሁለት ሰዓት ሙሉ!
ሚስታቸው ከዓሣ ገበያ እስኪመለሱ
ስልኩ ጠረጴዛው ላይ፣ እሳቸው እዚህ፤ ሁለት ክንድ ቀርቷቸው ሳይደርሱ።
ብቻቸውን ቆመው ብቸኛ ቁጥሮች ሲቆጥሩ ነበር፤
ስንት ላይ እንደደረሱ አልጠየቅሁም፤ አንዳንዱ ነገር ይቅር።

«ዋናው መዝጊያስ?» አልኩ።
«ከቁም ሳጥኑ ጀርባ።»
«ቁም ሳጥኑስ?»
«እኔ ነኝ የሠራሁት። አይነቃነቅም» አሉ፣ በትንሽ ኩራት።

ሮጬ ከደጅ ዘጋሁት። ቧንቧው አጉረመረመ፣ ዝም አለ።
ጣታቸው ወጣ፤ ነጥቶ፣ ተጨማዶ፣ አራስ ልጅ መሰለ።

«እይ እንግዲህ!» አሉኝ። ግድግዳው በእርሳስ ተሞልቷል፤
ልኬት፣ ቀስት፣ ቀመር። ከታች ሁለቴ ተሰምሯል።
«ቧንቧ ሽቅብ ሲወጣ ቀጥ ብሎ ነው።
መደርደሪያው ደግሞ ከዚያ አርባ ሳንቲሜትር ርቆ ነው የሚሰቀለው።
ስሌቴ ልክ ነው! የትኛው ሰካራም ነው እዚህ ያጋደመው?»

ሴራሚኩን ፈነቀልኩ። እውነታቸውን ነው።
ቧንቧው አግድሞ ይሄዳል፣ ፍየል እንደ ጠፋበት ሰው።
መጋጠሚያው ላይ፣ መዳቡ ላይ፣ በምስማር የተጫረ ጽሑፍ፦
«በልሚሮ። የመጀመሪያዬ።»

አሥራ ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። አለቃዬ ዘፈሪኖ ምሳ ሊበሉ ወጥተው፣
«አንተ ጨርሰው» ብለውኝ። ጨረስኩት፤ ሠላሳ አንድ ዓመት ግድግዳ ሸሸገው።

ቆርጬ አወጣሁት። አዲሱን ሦስት ጊዜ በውሃ ልክ ለካሁ፤
ላብ አጠመቀኝ፤ ፈተና ክፍል የተቀመጥሁ መሰለኝ፣ ቀና ለማለት ፈራሁ።
ውሃውን ስከፍት ግራሲዬቴ «ተመስገን» ብለው መታጠቢያ ገቡ።
መምህሩ ቁራጩን አነሡት። አገላበጡት። ረጅም ጊዜ።
መነጽራቸው ላይ ውሃ ነበረ፤
አንብበውት ይሁን አላውቅም።
እርሳሳቸውን ከጆሯቸው ላይ አወረዱ፣ መልሰው ሰኩት።

«ሒሳቡ ስንት ነው?» አሉኝ።

እጄን ሱሪዬ ላይ ጠራረግሁ።
«መምህር» አልኩ፣ «ሒሳብ እኮ ድሮም አልችልም።»

ወጣሁ። በሩን ስስብ ክርኔ ደወሉን ነካው፤
ከውስጥ ግራሲዬቴ ጮኹ፦ «ማነው እሱ? ወይኔ ሳሙናው!»